ስም ያልወጣለት አይሪስ

ኤፕሪል ሲጋመስ ከጋራዡ ጥግ ሽታው ይመጣል። ማር ማር ይላል፤ ቀረብ ብለው ካሸተቱት ደግሞ አሁን ከወረቀቱ የወጣ ሳሙና። ባለፈው እሁድ ከቸርች መልስ እትዬ አስካለን ፒከሪንግተን እኔ ቤት ምሳ ጋብዣት፣ ገና ከመኪናው እንደወረደች ድራይቭዌዩ ላይ ቆም ብላ ምንድነው እንዲህ የሚያውደው አለች። በጣቴ አሳየኋት። ከግድግዳው ሥር፣ ጠጠር መሃል፣ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ አንድ ተክል ቆሟል። ቅጠሉን ብቻ ላየ በቆሎ ነው። አበባውን ነጭ ልበለው ሰማያዊ ልበለው እስካሁን አልወሰንኩም፤ እንደ ሰዓቱ ይለያያል። እትዬ አስካለ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየችበት። ይሄን ነገር የት ነው የማውቀው አለች። እኔ ምሳው ይቀዘቅዛል ብዬ ወደ ቤት አስገባኋት። ፈሪ ነኝ፤ በዚህ አበባ ጉዳይ ደግሞ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ።

ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ጊዜ ከአገር ቤት ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከመጣን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም ነበር። እማዬ ዌርሃውስ ውስጥ ድርብ ሺፍት ትሠራለች። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምትወስደኝ ታላቅ እህቷ እትዬ አስካለ ነበረች። እትዬ አስካለ ዎርዝንግተን ውስጥ ሚስ ዶረቲ የሚባሉ አሮጊት ትንከባከባለች፤ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች። እኔም እስኪመሽ እዚያው ነው የምውለው። የእትዬ አስካለ እንግሊዝኛ ለመድኃኒትና ለሻወር ይበቃል፣ ለወሬ አይበቃም። ለወሬው እኔ ነበርኩ። ሚስ ዶረቲ ያሉትን ወደ አማርኛ ስመልስ በአንቱታ እንዲሆን አጥብቃ ታዘኛለች። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ እኮ አንቱ የሚባል ነገር የለም ብላት፣ እሱ የነሱ ችግር ነው፣ አንቺ በልብሽ አንቱ በያቸው አለችኝ። እስከ ዛሬም በልቤ አንቱ ናቸው።

ሚስ ዶረቲ መጀመሪያ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር። ሳናግራቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። አጠገባቸው ስቀመጥ መስኮቱን ያያሉ፣ ፈገግ የሚሉትም ለመስኮቱ ነው። ለእትዬ አስካለ ስነግራት ሳቀችብኝ። ዓይናቸው መሃል መሃሉ ጠፍቶ ኖሯል፤ የሚያዩት በዳር በዳሩ ብቻ ነው። ፊትሽን ለማየት የፈለጉ ጊዜ ነው ፊታቸውን የሚያዞሩት አለችኝ። ይሄን ከሰማሁ በኋላ እንኳ ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ሰው ሲያይሽ ዞር ካለ፣ ዞር ሲል እያየሽ መሆኑን ማመን ለልጅ ከባድ ነው።

ጓሮ የወጣሁት ማርች መጨረሻ ላይ ነው። በረዶው በየጥጉ ገና አልሟሟም። ከቤቱ ግድግዳ ጋር በተጠጋ ጠጠር የበዛበት መደብ ላይ ወፍራም አረንጓዴ ቅጠል በረድፍ ቆሟል። እትዬ አስካለ በመስኮት አንገቷን አውጥታ አየችና፣ በዚህ ብርድ በቆሎ የዘሩ እኚህ ሴትዮ እውነትም ደክመዋል ብላ አዘነችላቸው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን በየተክሉ ሥር የተሰካው ትንሽ ቆርቆሮ ነበር። ጽሑፍ አለው። ቡካሪካ። ማግኒፊካ። ኦርኪዮይደስ። መቃብር መሰለኝ። ስማቸው የአሜሪካ ሰው ስም አይመስልም፤ እኔም የውጭ አገር ሰው ስለሆንኩ አዘንኩላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስገባም ስወጣም ቡካሪካ ደህና ዋልሽ፣ ማግኒፊካ ደህና ዋልሽ እላለሁ። ማንም እንዳይሰማኝ ቀስ ብዬ ነው።

በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ሞቱ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሚስ ዶረቲ ደረታቸውን ይዘው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ሰዎች አይደሉም፣ አይሪስ የሚባሉ አበቦች ናቸው፤ ጁኖ የሚባሉት ዓይነት። አገራቸው ሩቅ ነው፣ እስያ መሃል ያሉ ተራሮች ናቸው፤ እዚያ የበረዶው ወራት ብርድ፣ ሰመሩ፣ የሙቀቱ ወራት፣ ድርቅ ነው። የኦሃዮን ብርድ ከቁብ አይቆጥሩትም፣ የማይችሉት የሰመሩን ዝናብ ነው። እኔ ያኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት፣ እነሱም ከሌላ አገር መጥተው ብርዱን የቻሉ መሆናቸውን ነው። ብርዱን ስለመቻሌ ብዙም እርግጠኛ ስላልነበርኩ ቀናሁባቸው።

ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ሆንኩ። እሳቸው በታጠፈ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ይቀመጣሉ፣ እኔ ሣሩ ላይ በሆዴ ተኝቼ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ጁኖን ከሌላው የሚለዩበትን አስተማሩኝ። ቅጠሉ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ እያለ ይወጣል፣ አበባው ከቅጠሉ ብብት ነው የሚመጣው። ሌሎቹ አይሪሶች ላይ ሽቅብ የሚቆሙት ሦስቱ የአበባ ቅጠሎች እዚህ ትንንሽ ሆነው ወደ ታች ይንጠለጠላሉ፤ እኔ ምላስ ብያቸው ነበር። ትልቁ የአበባ ቅጠል አንገቱ ላይ ክንፍ አለው ወይስ ቀጥ ያለ ነው ይሉኛል። አለው እላለሁ። ሰፊ ነው ጠባብ? ሰፊ። እንግዲያው ማግኒፊካ ናት፣ ሰላም በያት ይላሉ። ቡካሪካ ስትፈነዳ ነጭና ቢጫ ናት፤ እሷን ማንም አይስታትም። ፀሐይ ጀርባዬን ስታሞቀኝ፣ የእትዬ አስካለ መዝሙር ከኩሽናው ሲመጣ፣ ያ ሽታ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ስነቃ ብርድ ልብሱ እኔ ላይ ነው።

ከመደቡ ጫፍ አንዱ ቆርቆሮ ባዶ ነው። ባለቤታቸው በሕይወት እያሉ ወዳጃቸው ከውጭ ዘር በፖስታ ልኮላቸው፣ ሜይልቦክሱ ውስጥ ዝናብ ገብቶ ስሙን አጠበው። ቢሆንም ዘሩት። ዘሩት ማለት ቀላል ነው፤ ጁኖ ከዘር እስኪያብብ አምስትም ስድስትም ዓመት ይፈጃል። ባለቤታቸው ሳያዩት አረፉ። ያ ኤፕሪል ስድስተኛው ዓመት ነበር፣ ቅጠሉ መሃል ደግሞ አንዲት እምቡጥ ታየች። ሚስ ዶረቲ በየቀኑ ምን አከለች ይሉኛል። ጣቴን አክላለች፣ አውራ ጣቴን አክላለች እላለሁ። ስትከፈት ክንፉንና ምላሱን እኔ አይቼ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው በዳር ዓይናቸው ቀለሙን ያያሉ፣ ከመጽሐፋቸው ጋር አመሳክረን ስሙን እናገኘዋለን። ውላችን ይሄ ነበር።

ሰኞ ስመጣ እምቡጧ የለችም። ጥንቸል ከአንገቷ በልታታለች። ሚስ ዶረቲ ስነግራቸው የሚቀጥለው ኤፕሪል አሉ። በዚያው ሳምንት የዓይን አፖይንትመንት ነበራቸውና እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ያለውን ለእትዬ አስካለ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ዳሩም እየሄደ ነው፣ አንድ ዓመት ቢቆይ ነው። የቀረቻቸው አንዲት ኤፕሪል መሆኗን እንግዲህ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። የተክሉን ነገር ግን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።

ጁን ሲገባ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ተኙ። ሞቱ ብዬ አለቀስኩ። ሚስ ዶረቲ እንቅልፍ ነው ብለው አጽናኑኝ፣ ዝናብ እንዳይነካቸውም ከጋራዡ አሮጌ የመስኮት መስታወት አስመጥተው በጡብ ላይ አስተኝተን ሸፈንናቸው። በዚያው አንዷን ቡካሪካ ቆፍሬ እንዳወጣ አዘዙኝ፣ እንዳይ ብለው ነው። አፈር ውስጥ ያለው ራሷ ትንሽ ሽንኩርት ይመስላል። ከሥሯ ግን ወፋፍራም ነጭ ሥሮች ተንጠልጥለዋል፣ የሕፃን ጣት የሚያካክሉ። ሚስ ዶረቲ አንድ በአንድ ዳበሷቸው፣ የእኔንም ጣት ይዘው አስዳበሱኝ። ይሄ ስንቋ ነው አሉ። ይሄ ከተሰበረ በሚቀጥለው ዓመት አበባ የለም፣ እሷ ራሷም ላትኖር ትችላለች። በደንብ ገብቶኛል። መግባቱን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም።

ጁላይ ላይ ሚስ ዶረቲ ፖስታ ሊያመጡ ወጥተው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል፣ ከዚያ ሪሃብ የሚባል ማገገሚያ፣ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሌላ ስቴት ያለች ልጃቸው ኮል አድርጋ እትዬ አስካለ ቤቱን እንድትጠብቅ ጠየቀቻት። እትዬ አስካለ ደግሞ ቤት ጠብቂ ስትባል መጠበቅ ብቻ አይሆንላትም። ታሞ የወጣ ሰው ቤቱን ጸድቶ ካላገኘው ሕመሙ ይመለስበታል ብላ ታምናለች። መጋረጃውን አጠበች፣ ወለሉን ፈገፈገች፣ ቁምሳጥኑን ገልብጣ አስተካከለች። ሊመለሱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ዓይኗ ጓሮው ላይ ወደቀ። መስታወቱን አንስታ ድርቆሹን አየች። ያ ሁሉ የደከሙበት ነገር ደርቆ ሲያዩት ልባቸው አይሰበርም ወይ አለች፣ ከዚያ ዶማ አነሳች።

ከምሳ በኋላ ነው። የኋላው ደረጃ ላይ ተቀምጣ የተቆፈሩትን ቅርጫት ሙሉ አጠገቧ አድርጋለች። የኩሽና መቀስ ይዛ መዝሙር እያንጎራጎረች ትከረክማለች፤ አፈሩን ታራግፋለች፣ ልጣጩን ትገፍፋለች፣ ሥሩን ቅጭት። ልክ ለወጥ ሽንኩርት እንደምታዘጋጀው ነው። ሥሮቹ ከእግሯ ሥር ተከምረዋል። ቆርቆሮዎቹን ሁሉ በሳሙና አጥባ እንደ ማንኪያ በአንድ ላይ አስራቸዋለች።

«እትዬ» አልኩ።

«ወዬ» አለች ቀና ሳትል።

እዚህ ላይ ስለ ጭኔ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ባለው ወር ቸርች ውስጥ አንድ ሽማግሌ የመጽሐፍ ቅዱሱን ምዕራፍ ተሳስተው ሲጠሩ ጮክ ብዬ አርሜያቸው፣ እትዬ አስካለ ጭኔን ቆንጥጣ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ሰንብቷል። ትልቅ ሰው አይታረምም፣ ያውም በሰው ፊት። ያ ጥቁር ምልክት በልጅ አእምሮዬ ሕግ ሆኖ ነበር። ደግሞ እንዴት ደስ ብሏት ነበር መሰላችሁ፤ ፊቷ ሁሉ በርቷል።

«ምንም» አልኩ።

ሌላ መቀስ አምጥተሽ አግዢኝ አለችኝ። አገዝኳት። ባዶው ቆርቆሮ የተሰካበትን ተክል የት እንዳስቀመጠችው አይቼ ነበር፤ ከዳር ነበር የተቆፈረው፣ ከሁሉ ረዘም ያሉ ሦስት ሥሮች ነበሩት። እሷ እንዳትቆርጠው ብዬ ነው ያነሳሁት። ግን ያዝኩትና ስታየኝ፣ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ቁረጪው እንጂ አለች። ቸኩዬ ሳልፈልግ ከሽንኩርቱ ራስ ጭምር ነው የገመስኩት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ራሱን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩ፣ ሦስቱን ሥሮች ኪሴ ከተትኩ። እሷ ባዶው መደብ ላይ ጎመን ስትዘራ፣ እኔ ከጋራዡ ጀርባ የጣሪያው ጠርዝ ዝናብ የሚከላከልበትን ደረቅ ቦታ በማንኪያ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ይህኛው መቃብር እውነተኛ መሰለኝ።

ሚስ ዶረቲ ዎከር የሚባለውን መደገፊያ እየገፉ ገቡ። ቤቱ ያበራል። እትዬ አስካለ ሶፋው ላይ ካስቀመጠቻቸው በኋላ ቅርጫቱን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው፤ አሉልዎት፣ አንዱም አልጠፋ በያቸው አለችኝ። አልኩ። ሚስ ዶረቲ እጃቸውን ከተቱ። አንዱን አነሱ፣ ሥር የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ሌላ አነሱ። ሌላም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና በእንግሊዝኛ ሥሮቻቸው የት አሉ አሉ።

«ምን አሉ?» አለችኝ እትዬ አስካለ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለዋል» አልኩ።

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ሳመች። ሚስ ዶረቲ ያልኩትን ነገርሻት ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። ወደ መስኮቱ እንዳዩ ቆዩ። እኔም አላዩኝም ብዬ ደስ አለኝ። እያዩኝ እንደነበር ትዝ ያለኝ ማታ አልጋዬ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ትዝታዬ ውስጥ ድፍን ያሉ ናቸው። ትምህርት ተከፈተ፣ ጎመኑ በቀለ፣ እኔ ጓሮ መውጣት ተውኩ። ኦክቶበር ላይ ሚስ ዶረቲ አምፖሎቹን ልንተክል ነው ብለው ጠሩኝ፤ ሽንኩርት መሰሎቹን ራሶች ማለታቸው ነው። ግማሾቹ በቅርጫቱ ውስጥ እንዳሉ ኮስምነዋል። ስም የሌለው ራስ እጄ ላይ ሲገባ ባዶ ልጣጭ ነበር። እዚያው አለቀስኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መቀሱን፣ ምንም ማለቴን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለቴን፣ ሦስቱን ሥሮች። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ከዎከሩ ተደግፈው ተነሱና የት ቀበርሻቸው አሉ።

ወንበራቸውን አምጥቼላቸው፣ ቆፍሬ ጭናቸው ላይ አኖርኩላቸው። ሁለቱ በስብሰዋል። ሦስተኛውን ለረጅም ጊዜ ዳበሱት፣ ከዚያ ጣቴን ይዘው ጫፉ ላይ አኖሩት። የምስር ፍሬ የምታክል ነገር አለች። ሳልፈልግ ከራሱ ጋር የገመስኩት ሥር ነበር፤ ቁራሹ ላይ ዓይን አውጥቷል። በደንብ ቆርጠሽው ቢሆን አይድንም ነበር አሉኝ። ደስ ይበለኝ አይበለኝ አላወቅሁም።

ለእትዬ አስካለ ልነግራት ነው አልኳቸው። ሚስ ዶረቲ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተቆጥተውኝ አያውቁም፣ ያን ጊዜ ግን ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«አትነግሪያትም» አሉ። «ብትነግሪያት እጇን ትፈራዋለች። እኔ በዚያ እጅ ነው የምታጠበው። እኔ እጇን እስከምፈልገው ድረስ ዝም በይ።»

ቃል ገባሁ።

ኤፕሪል መጣች። ጎመኑ በነበረበት መደብ ላይ እዚህም እዚያም የከሱ ቅጠሎች ወጡ፣ አበባ ግን የለም። እትዬ አስካለ በቆሎው ተመለሰ ብላ እልል አለች፤ ሚስ ዶረቲም አብረው ሳቁላት። ከጋራዡ ጀርባ አንዲት ቅጠል ብቻ ወጣች፣ ከሣር የማትለይ። ወንበራቸውን እዚያ ወሰድኩላቸው። ዳሩም ጨልሞባቸው ነበር። ጎንበስ ብለው ቅጠሏን በሁለት ጣታቸው ከላይ እስከታች ለኩ። ከዚያ አብባለች እንበል፣ ንገሪኝ አሉኝ። እኔም በሆዴ ተኛሁና ያልነበረ አበባ አየሁላቸው። ወርቃማ ነው አልኩ። ክንፉ ሰፊ ነው፣ ምላሶቹ ሐምራዊ ናቸው፣ ንብ ገብታበታለች። ሽታው አሉኝ። ከቡካሪካ ይበልጣል አልኩ። ውሸቴን እንደሆነ ያውቃሉ፣ እኔም ማወቃቸውን አውቃለሁ። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው እስከመጨረሻው ሰሙኝ። ማየት ካቆሙም በኋላ ሰው ሲያዳምጡ ዞር ማለቱ አልለቀቃቸውም።

በዚያው ሰመር ወደ ፒከሪንግተን ልንለቅ ስንል ያችን አንዲት ሥር ከነራሷ በጠጠር በተሞላ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ሰጡኝ። ሲያብብ ስም አውጪለት አሉኝ። ስም ያልተጻፈበትን ቆርቆሮም ጨመሩበት።

አበባው ወርቃማ አይደለም። ሚስ ዶረቲ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆነ፣ እትዬ አስካለም ሥራ ካቆመች ቆየች፤ ቃሌ ካበቃ ሰነበተ ማለት ነው። እኔ ግን ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ።

ባለፈው እሁድ ምሳ በልተን ሳህን ሳነሳ እትዬ አስካለ የለችም። በመስኮት ሳይ ጋራዡ ጥግ ናት። የኩሽና መቀሴን ይዛለች። ለረቡዕ ጸሎት መድረኩ ላይ የሚቀመጥ አበባ ስትፈልግ ነው፣ ግንዱን ከሥሩ ይዛዋለች። ጫማም አላደረግኩም፣ በካልሲ ወጣሁ።

«እትዬ» አልኩ።

«ወዬ» አለች ቀና ሳትል።

«አትቁረጪው። አበባው ከነቅጠሉ ነው የሚመጣው፣ ቅጠሉ ከሄደ ሥሩ ስንቅ አይኖረውም። ይሞታል።»

መቀሱ እንደተከፈተ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ጉልበቷ እያመማት፣ የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጠች። አበባውን እንጂ እኔን አላየችም።

«ያኔም እንዲሁ እትዬ ብለሽኝ ነበር» አለች። «ወዬ ስልሽ ምንም አልሽ። ሚስ ዶረቲ ቅርጫቱን ሲዳብሱ ፊታቸውን አይቻለሁ እኮ፣ ፌቨን። እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚል ሰው ፊት አልነበረም። ምን ልትዪኝ እንደነበር ይኸው እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ።»

መቀሱን ገጥማ፣ መያዣውን ወደ እኔ አድርጋ ሰጠችኝ። አጠገቧ ጠጠሩ ላይ ተቀመጥኩና ከጥንቸሏ ጀመርኩላት።